ሞተሬ ላይ የቀለጠው ሸራ

አባቴ ሠላሳ ዓመት ሙሉ የጭነት መኪና ነድቷል። እኔም የእሱ ልጅ ነኝና ሞተር ሲነሳ ስሰማ ልቤ አብሮ ይነሳል። እዚህ አሜሪካ፣ ሚኒያፖሊስና ሴንት ፖል ውስጥ ከማውቃቸው ያገሬ ሴቶች ሞተር ሳይክል የምነዳው እኔ ብቻ ነኝ። ሌላ ካለች ይቅርታ፣ እስካሁን መንገድ ላይ አልተገናኘንም። ቤተ ክርስቲያን ያሉ እናቶች «ኧረ ተይ ልጄ፣ ሰው ምን ይላል» ይሉኛል። ሰው የሚለውን ማለት ከጀመረ ሦስተኛ በጋው ነው፤ እኔም አልተውኩም። ከምኖርበት ከሆፕኪንስ ተነስቼ ፍሪድሊ ወዳለው መሥሪያ ቤቴ በመኪና ስሄድ ትራፊኩ ያናድደኛል። በሞተር ስሄድ ያው ትራፊክ፣ ያው መንገድ፣ ያው ሰዓት ነው፤ እኔ ግን እየዘፈንኩ እደርሳለሁ።

አባዬ የመጣው በብርዱ መሃል ነበር። እናቴ ካረፈች በኋላ አዲስ አበባ ብቻውን ቀርቶ ነበር፤ እኔም ከተፋታሁ ወዲህ ሆፕኪንስ ውስጥ ብቻዬን ነበርኩ። ሁለት ብቸኛ ሰው ሁለት ቤት የሚይዝበት ምክንያት አይታየኝም ብዬ ለመንኩት፣ ተከራከርኩት፣ አለቀስኩበት። የወረቀቱ ጣጣ ዓመታት ፈጀ። በመጨረሻ ኤርፖርቱ ላይ ካፖርቱን እስከ ጉሮሮው ቆልፎ ብቅ ሲል አቀፍኩትና ከኋላችን የቆሙት ሰዎች ይቅርታ አሳልፉን እስኪሉን ድረስ አልለቀቅኩትም። እውነቱን ለመናገር የፈለግሁት ትልቅ ነገር አልነበረም። ከሥራ ስገባ «መጣሽ?» የሚለኝ ሰው ነበር የፈለግሁት።

ሞተሬን መጀመሪያ ያየው በረዶው ቀልጦ፣ ፊሊፕስ በሚባል ሰፈር አንድ ያገሬ ሰው ጋራዥ ውስጥ ከከረመችበት ባመጣኋት ቀን ነው። ይቆጣል ብዬ ስጠብቅ ሁለት ጊዜ ዞራት፣ ጎማዋን በጫማው ጫፍ ነካ አደረገና «ስንት ሲሲ ናት?» አለኝ። ነገርኩት። «ለአንቺ ትበቃለች» አለ። ከዚያ ወዲህ ሞተሯ የሁለታችን ሆነች። እኔ እነዳታለሁ፣ እሱ ያስብላታል።

ችግሩ አባዬ እጁን አጣጥፎ መቀመጥ የማይችል ሰው መሆኑ ነው። በመጣ በሁለተኛው ሳምንት ከሥራ ስገባ ኩሽናው ውስጥ አረፋ እስከ ቁርጭምጭሚት ድረስ ሞልቶ ጠበቀኝ። የዕቃ ማጠቢያውን ማሽን በእጅ ማጠቢያ ፈሳሽ ሳሙና ሞልቶ አስነስቶታል። አባዬ ሱሪውን ሰብስቦ መሃሉ ላይ ቆሟል። እኔ ሳቄን ማቆም አቅቶኝ እርጥቡ ወለል ላይ ተቀመጥኩ። እሱ ግን አንድ ጣቱን አነሳና «አንድ» አለ።

ምኑ ነው አንዱ ስለው ሕጉን ነገረኝ። «የእንግዳ ጥፋት ሦስት ነው። አንደኛው ይሳቅበታል፣ ሁለተኛው ይታለፋል፣ ሦስተኛው ሲመጣ እንግዳው መንገዱን ይቀጥላል።» ሠላሳ ዓመት በየመንገዱ ሰው ቤት ሲያድር የኖረ ሰው የራሱ ሕግ አለው። እንግዳ አይደለህም፣ ቤትህ ነው አልኩት። አንገቱን ነቀነቀ። ተስማማ ብዬ ነበር፤ ለካ አልተስማማም።

ሁለተኛው እንደ መጀመሪያው የሚያስቅ አልነበረም። ከሕንጻችን መግቢያ ግራና ቀኝ፣ ብርዱ ሲያልፍ ሐምራዊ አበባ የሚያወጡ ሁለት ቁጥቋጦዎች ነበሩ። በዚያን ጊዜ ገና ቅጠል አላወጡም። አባዬ ደግሞ ቅጠል የሌለው ዛፍ የሞተ ዛፍ ነው ብሎ የሚያምን ሰው ነው፤ ከመጣበት አገር አንጻር አይፈረድበትም። ከየት እንዳገኘው እስከ ዛሬ ያልነገረኝን መጋዝ ይዞ ወርዶ ሁለቱንም ከሥራቸው ቆርጦ፣ ቅርንጫፉን በነዶ በነዶ አስሮ፣ ደጁን ጠርጎ ጠበቀኝ። ምስጋና ነበር የሚጠብቀው። የሕንጻው ሥራ አስኪያጅ ግን ቀድማኝ ደርሳ ኖሮ የቤቴ በር ላይ የማስጠንቀቂያ ደብዳቤ ለጥፋልኛለች።

እኔ ቁጡ ነኝ። አፌ ከሐሳቤ ይቀድማል። ደብዳቤውን እንደያዝኩ ገብቼ አባቴ ላይ ጮህኩ፤ ምናለ ዝም ብለህ ብትቀመጥ አልኩት። ያን ቃል ባሰብኩት ቁጥር ዛሬም ያመኛል። እሱ ሁለት ጣቱን አነሳና ወደ ክፍሉ ገባ። በነጋታው ይቅርታ ጠየቅሁት፣ ይቅርም አለኝ፤ ግን ከዚያ በኋላ ለሳምንታት የቴሌቪዥኑን ሪሞት እንኳ «ልንካው?» ሳይል አይነካም ነበር። ሦስተኛው ከመጣ እንደሚሄድ አውቄዋለሁ። አባዬ በሕይወቱ የተናገረውን ሲያጥፍ አይቼው አላውቅም። ስለዚህ ሌላው ሰው ለጤናው ለልጆቹ ሲጸልይ እኔ አባቴ ሌላ ነገር እንዳያበላሽ ስጸልይ ከረምኩ።

ሦስተኛው በደግነት በኩል መጣ።

አባዬ ንብረት ራቁቱን ሲያድር አይወድም። እኔ ያደግሁበት ቤት ውስጥ ያልተሸፈነ ነገር አልነበረም። ቴሌቪዥኑ ጥልፍ፣ ስልኩ ዳንቴል ነበራቸው። ሶፋው ከነላስቲኩ ገብቶ ከነላስቲኩ አርጅቶ ወጣ፤ ጨርቁ ምን ዓይነት እንደነበር ዛሬ ብጠየቅ አላውቅም። የእሱ መኪናማ ጭነት ኖረውም አልኖረውም ሸራ ሳይለብስ አያድርም። እና ሞተሬ ከሕንጻው ጓሮ ሰማይ ሥር ስታድር ማየት ያስጨንቀው ነበር። ይቺ ነገር ብርድ አይመታትም ወይ፣ ጤዛው ለብረት አይበጅም፣ እያለ በአሽሙር ይነግረኛል። እኔ አልሰማሁትም። እሱ በእግሩ ወጥቶ ከዕቃ መደብር ሰማያዊ የላስቲክ ሸራ ገዝቶ አልጋው ሥር ከተተና ዝናብ ይጠብቅ ጀመር።

ሐሙስ ዕለት ከሥራ ስወጣ ሰማዩ ጠቁሮ ነበር። ሳይዘንብብኝ ልግባ ብዬ ከፍሪድሊ ጀምሮ ሳላርፍ ነዳሁ፣ ጓሮ ፓርክ አድርጌ ሮጬ ወጣሁ፣ ቀጥታ ሻወር ገባሁ። ለካ እኔ ስገባ እሱ ሸራውን በብብቱ ይዞ ሹልክ ብሎ ወርዷል። የሞተሯ ጭስ ማውጫ ገና ግሎ የነበረበት ሰዓት ነው። ይህን ሁሉ ያወቅሁት በማግስቱ ነው። ያን ዕለት እራት ላይ ያየሁት አንድ ነገር ብቻ ነው፤ አባዬ ደስ ብሎታል። ዝናቡ መስኮቱን ሲመታ እሱ ለብቻው ፈገግ ይላል።

አርብ ጠዋት ስወርድ ሞተሬ ሰማያዊ ለብሳ፣ ዙሪያዋን በገመድ ታስራ ቆማለች። የአስተሳሰሩን ዓይነት ሳይ የማን እጅ እንደሆነ ወዲያው ገባኝ፤ እንዲያ የሚያስር ዕድሜውን በሙሉ ጭነት ሲያስር የኖረ ሰው ነው። ልቤ ቅቤ ጠጣ። አባቴ ከስንት ሳምንት በኋላ ሳያስፈቅደኝ አንድ ነገር ነካ። ፈትቼ ሳነሳው ግን ሸራው በቀኝ በኩል አልለቅ አለኝ። ሳብ ሳደርገው ተቀደደ። ከጭስ ማውጫው ጋር አንድ ሆኗል። ያ የሚያብረቀርቅ ቧንቧ ላይ መዳፌን የሚያህል ሰማያዊ ነገር ተጋግሮ፣ እጥፋቱ እንኳ ሳይቀር እንዳለ ደርቋል።

ሌላ ጊዜ ቢሆን የሰፈሩን ሰው እስክቀሰቅስ እጮህ ነበር። ያን ጠዋት ግን ፈራሁ። አባዬ ይህን ካየ ሦስት ጣቱን ሊያነሳ ነው።

ሸራውን ቶሎ ብዬ አጣጠፍኩት፣ ገመዱን ጠቅልዬ ጨመርኩበት፣ ጓሮ ካለው የቆሻሻ ገንዳ ውስጥ ጣልኩት። ክዳኑን ዘግቼ ዞር ስል አባዬ በነጠላ ጫማ እየወረደ ነው። ፊቱ በርቷል። ምን እንደምል ሊሰማ ነው የወረደው።

«ሸራውስ?» አለኝ ዙሪያውን እያየ።

የምን ሸራ አልኩት። ትናንት አልብሼያት ነበር አለ። እንግዲያው ነፋስ ወስዶት ይሆናል አልኩ። ሌሊቱን ቅጠል የሚያነቃንቅ ነፋስ አልነበረም። ፊቱ ላይ የነበረው ብርሃን ቀስ ብሎ ሲጠፋ አየሁና በራሴ አፈርኩ። ዓይኑ ወዲያው ወደ ጭስ ማውጫው ሄደ። እሱ ጭስ ማውጫን በድሮ መካኒኮች ቋንቋ ማርሚታ ነው የሚለው።

«ማርሚታው ላይ ያለው ምንድነው?»

«ጫማዬ ነው» አልኩት። «ስነዳ ተረከዙ እየነካው ቀለጠ።»

እግሬን አየ። ያደረግሁት ስኒከር ነው፣ ምንም አልሆነም። ይሄኛው አይደለም፣ ቡትሱ ነው፣ መሥሪያ ቤት ሎከር ውስጥ ትቼዋለሁ አልኩት። ይህቺኛዋ እንኳ እውነት ነበረች፤ ቡትሱ ሎከር ውስጥ ነበር። አባዬ ጎንበስ ብሎ ሳይነካ አየው፣ ቀና አለ።

«ማታ አምጪውና ልየው። ጫማ ካቀለጠ እግርሽንም ያገኝሻል።»

ሞተሯን አስነስቼ ወጣሁ። ላስቲኩ እንደሞቀ መሽተት ጀመረና እስከ ፍሪድሊ ድረስ ተከተለኝ። አንድ ቀይ መብራት ላይ አጠገቤ የቆመ ሰውዬ አየኝ፣ አሸተተ፣ መስኮቱን ዘጋ።

ሥራዬ ለልብ ሐኪሞች የሚሆኑ ቀጫጭን ቱቦዎችን በማጉያ መነጽር እያየሁ መገጣጠም ነው። እጅ መንቀጥቀጥ የለበትም፣ ሐሳብ መሄድ የለበትም። ያን ቀን ግን ሄደ። ሐሳቤ ሁሉ ሎከር ውስጥ ያለው ጫማ ላይ ነበር። ምክንያቱም ጫማው ምንም አልሆነም። ተረከዙ አዲስ ነው፣ ጭረት እንኳ የለውም። አባዬ ደግሞ ልየው ካለ ያያል።

ምሳ ሰዓት ላይ ቡትሱን ይዤ ወደ መኪና ማቆሚያው ወጣሁ። ከሁሉም ጫማዎቼ የምወደው እሱን ነው፤ ጥቁር ቆዳ፣ ወፍራም ሶል፣ ስሄድ ቁመት የሚጨምርልኝ። ሞተሯን አስነስቼ ጭስ ማውጫው እስኪግል ጠበቅሁና ተረከዙን ለጠፍኩበት። የተረከዙ ጎማ ጨሰ፣ ለሰለሰ፣ ቀለጠ። ከሰማያዊው ጎን አንድ ጥቁር ቅርፊት ተጋገረ። ደህና አድርጎ ይቅለጥ ብዬ ደገምኩት።

ቀና ስል ጡረታ ሊወጣ የደረሰው የሥራ ባልደረባዬ፣ የዚሁ አገር ሰው፣ ሳንድዊቹን ይዞ ቆሟል። ሁሉ ደህና ነው ወይ አለኝ። ደህና ነው፣ ጫማዬን እያቃጠልኩ ነው፣ የቤተሰብ ጉዳይ ነው አልኩት። ሞተሯን አየ፣ ጫማውን አየ፣ «ለየት ያለ ነው» አለና ሳንድዊቹን ገመጠ። የሚኒሶታ ሰው ለየት ያለ ነው ካለ አብደሻል ማለቱ ነው። አልተቀየምኩትም፣ ትክክል ነበር።

ማታ ስገባ አባዬ መነጽሩን አድርጎ ጠረጴዛው ላይ ጋዜጣ አንጥፎ ጠብቆኛል። ቡትሱን ሰጠሁት። ገለበጠው፣ ተረከዙን በአውራ ጣቱ ዳሰሰው፣ አሸተተው። ከዚያ ከፍ አድርጎ በመብራቱ አየው። እኔ እንደ ፈተና ተማሪ ቆሜያለሁ። «ደህና አድርጎ ቀልጧል» አለ በመጨረሻ። እኔን በመነጽሩ ላይ አሻግሮ አየኝና ጫማውን በጥንቃቄ ጋዜጣው ላይ አስቀመጠው። ነገ ቅዳሜ ነው፣ እናጸዳዋለን አለኝ። ጣቱን አላነሳም። ሲያልፍ ትከሻዬን መታ መታ አደረገኝ። እኔም ነገሩ አለቀ ብዬ ደስ እያለኝ ተኛሁ። ውሸትና ስንቅ እያደር ይቀላል የሚለውን ተረት እሱ ራሱ ነበር ያስተማረኝ፤ ያን ማታ ትዝ አላለኝም።

ቅዳሜ ጠዋት ፀሐይዋ ደህና ነበረች። ስለ ማጽዳቱ ኢንተርኔት ላይ ሳነብ አምሽቼ ነበርና አባዬን ላስተምረው ጀመርኩ። አንዱ በሙቀት ነው ይላል፣ አንዱ በበረዶ ነው ይላል፣ አንዱ የኦቨን ማጽጃ ረጭተሽ እደሪ ይላል። አንዱ ደግሞ ይህን ሁሉ ያሉሽን እንዳትሰሚ፣ ቧንቧው ይበላሻል ይላል። አባዬ እስክጨርስ በትዕግሥት ሰማኝና ወደ ኩሽና ሄዶ የእንጨት ማማሰያዬን ይዞ መጣ። ጫፉን በቢላ ጠርቦ እንደ መሮ ስል አድርጎታል። ሳይጠይቀኝ ነው የጠረበው። አዲስ ማማሰያ ነበር፤ ደስ አለኝ እንጂ አልከፋኝም።

እኔ ግን ትዕግሥት የለኝም። ገና ጓሮ እንደወረድን የኩሽናዬን ቢላ አውጥቼ ሰማያዊውን መፋቅ ጀመርኩ። ሁለት ጊዜ ስፍቀው ብረቱ ላይ ፀጉር የምታህል ጭረት ወጣች። አባዬ ቢላዋን ከእጄ ተቀበለኝና ካልሲው ውስጥ ሻጣት። «የቸኮለ አፍሶ ለቀመ» አለ። ብረት በብረት አይፋቅም፣ ላስቲክ በቁጣ አይለቅም፣ ያሞቀው ነገር ራሱ ነው የሚያላቅቀው አለኝ። ከዚያ ሞተሯን አስነሺ አለኝ። አምስት ደቂቃ ያህል አስነሳናት፣ አጠፋናት። በወፍራም ጓንት ማማሰያውን ይዞ ቁጢጥ አለ፤ እኔ አጠገቡ እርጥብ ጨርቅ ይዤ ቁጢጥ አልኩ። ጭሱን እንዳንምገው ነፋሱን ከኋላችን አደረግን።

ከጥቁሩ ጀመረ። ጎማ እልኸኛ ነው፤ አይሳብም፣ እየተፈረፈረ ነው የሚለቀው። አባዬ ገፋ ያደርጋል፣ ፍርፋሪው ይነሳል፣ እኔ እጠርጋለሁ። ሲቀዘቅዝ እንደገና አስነሺ ይለኛል። በመሃል ያወራኛል። አንድ ጊዜ በረሃ ላይ ፍሬን ሲግልበት ምን እንዳደረገ፣ አንድ ጊዜ ጭነቱ ስኳር ሆኖ ዝናብ ሲመጣ ሸራው አንሶት ጋቢውን እንዴት እንደጨመረበት። ስኳሩ ተረፈ፣ ጋቢው ግን ሽሮፕ ሆነ። ሳቅን። ከመጣ ወዲህ እንዲያ ሲያወራ ሰምቼው አላውቅም ነበር። እኔም በልቤ ይህ ነገር ቶሎ ባያልቅ እያልኩ ነበር። ጥቁሩ ሲነሳ አንድ ሰዓት አልፏል። የቀረውን ቡናማ ጥላ የፎይል ወረቀት ጨብጦ፣ ውሃ ነክሮ፣ ሲያሸው ጠፋ። ያችን ዘዴ ኢንተርኔቱ ሳይሆን እሱ ነው ያወቃት። ላልነሳው ቅሪት ይሆነናል ብዬ ያመጣሁት የጥፍር ቀለም ማስለቀቂያው የአሴቶን ጠርሙስ እግሬ ሥር እንደተቀመጠ ነው።

ከዚያ ሰማያዊው ላይ ደረስን። አባዬ የማማሰያውን ጫፍ ከሥሩ አስገባና ቀስ አድርጎ ገፋው። እንደ ማስቲካ ተለጠጠ፣ ከዚያ ረዥም ሆኖ ተላቀቀ። ከእንጨቱ ጫፍ ላይ አንስቶ ወደ ፀሐዩ ያዘው።

«ይሄኛው የየትኛው ጫማሽ ነው?» አለኝ።

ያው የዚያው ነው አልኩት። ድምፄ ግን ራሴንም አላሳመነኝም።

«ልጄ፣ ጥቁር ጫማ ሰማያዊ አይቀልጥም።»

ማማሰያውን መልሶ አስገባና መፋቁን ቀጠለ። የሚናገረው ለጭስ ማውጫው ይመስል ነበር። ነፋሱ የወሰደውን ሸራ ትናንት ጠዋት ቆሻሻ ሊጥል ሲወርድ አግኝቶታል። ጎበዝ ነፋስ ነው አለ፤ አጣጥፎ፣ ገመዱን ጠቅልሎ፣ ገንዳ ውስጥ ከትቶ፣ ክዳኑንም ዘግቶ ሄዷል። መዳፍ የሚያህለውን ቀዳዳ እዚያው አይቶታል። የጭነት መኪና ማርሚታ ከሆዱ ሥር የተደበቀ ነውና ሸራ ሲያለብስ አስቦት እንደማያውቅ፣ ይቺ ግን እንደ ሴት ቦርሳ ጎኗ ላይ እንዳንጠለጠለችው ነገረኝ። ቆሻሻ በየጠዋቱ የሚጥለው እሱ መሆኑን እኔ እንዴት እንደረሳሁት እግዜር ይወቀው።

«አባዬ» አልኩት፣ «ይሄኛው አይቆጠርም።»

«ይቆጠራል እንጂ። ሦስተኛዬ ነው። ትናንት ጠዋት ገንዳውን ከድኜ ወጣሁና ሻንጣዬን ከቁም ሳጥኑ ላይ አወረድኩ። ሸሚዞቼን አጣጥፌ ከተትኩ። ማታ ስትመጪ ልነግርሽ ነበር።»

እጄ ላይ ያለው ጨርቅ ውሃው እየተንጠባጠበ ጫማዬን ያርሰዋል፣ እኔ አልተንቀሳቀስኩም። ማታ ጋዜጣ አንጥፎ የጠበቀኝ ለምን እንደሆነ አሁን ገባኝ። ጫማ ሊያይ አልነበረም። ሊሰናበተኝ ነበር።

«ከዚያ ጫማውን አመጣሽልኝ» አለ። አንድ ሌላ የላስቲክ ቁራጭ አነሳና ጎኑ ካለው ጣሳ ውስጥ ጣለው። «አዲስ ጫማ። ለእኔ ብለሽ አቃጥለሽ አመጣሽልኝ። ሌሊቱን አሰብኩት። የአባቷን ጥፋት ለመሸፈን ጫማዋን የምታቃጥል ልጅ ብቻዋን ትቼያት ብሄድ ቤቱን ነው የምታቃጥለው። ዛሬ ጠዋት ሸሚዞቼን መልሼ ሰቀልኳቸው።»

መሳቅ ፈልጌ ነበር፤ አፌን ስከፍት የወጣው ሳቅ አልነበረም። ፊቴን ወደ ጎማው አዞርኩና አሴቶኑ ዓይኔን አቃጠለኝ አልኩት። አባዬ እግሬ ሥር ያለውን ጠርሙስ አየ። ክዳኑ ገና እንደታሸገ ነበር። ጓንቱን አወለቀ፣ ከትከሻው ላይ ንጹሑን ፎጣ አንስቶ አቀበለኝ፣ ሞተሯንም ራሱ አስነሳት።